ሜሞሪ ካርዱ ላይ የቀረ ቡድን

ቢቸና ውስጥ ጃፓንኛ የምናነብ ልጆች ነበርን። ማንበብ ስል በእርግጥ አንዱንም ፊደል አንለይም። ግን የትኛው መስመር ላይ ወርደን ክቧን ስንጫን ግጥሚያ እንደሚጀምር፣ የትኛው ዋንጫ እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ የተጫዋች ስም የሚቀየርበት እንደሆነ በእንቅልፋችንም እናውቀው ነበር። ክብ ማለት «እሺ» ነው፣ ኤክስ ማለት «ተመለስ»። ቆይቶ የአውሮፓው ቅጂ ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ፤ ኤክስ «እሺ» ሆነ። ጨዋታ ልንጀምር ስንል እየወጣን አንድ ሳምንት ሙሉ ስንሳሳቅ ከረምን።

ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ጋዜጠኛ ጆን ካቢራ ይባላል። ስሙን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ያኔ «ሰውዬው» ነበር የምንለው። ጎል ሲገባ የሚያሰማውን ጩኸት እየደገምን ከትምህርት ቤት ወደ ቤት እንሄዳለን፤ እናቶቻችን ደግሞ ምን ዓይነት ልክፍት ነው ይሉናል።

ጌሙ ዊኒንግ ኢለቨን ነው። በአውሮፓ ስሙ ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር፣ ባጭሩ ፔስ። ዛሬ በሁለቱም ስም የሚጠራ አዲስ ጌም የለም። ይህ ጽሑፍ እንዴት እንደተወለደ፣ እንዴት ምሥራቅ ጎጃም ድረስ እንደደረሰ፣ ባለቤቱም እንዴት እንደጣለው ነው። በመሃል የራሴንም ጥፋት እናገራለሁ።

ቤቱ

በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በኛ ከተማ የጨዋታ ቤት ማለት ከረምቡላና ጆተኒ ነበር። ከረምቡላ የትልልቆች ነው፤ ጆተኒ መንገድ ዳር ስለሚቀመጥ ወላጅ ያያል። ፕሌይስቴሽን ቤት ግን በር ላይ መጋረጃ አለው። ውስጡ የጭቃ ግድግዳ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ሦስት ወፋፍራም ቴሌቪዥን፣ ከእያንዳንዳቸው ሥር ጥቁር ፕሌይስቴሽን 2። የጆይስቲኩ ገመድ የተበጠሰበት ቦታ በፕላስተር ተጠቅልሏል።

የሚከፈለው በጌም ነው፤ ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ይቀመጣል። ጎበዝ ከሆንክ በአንድ ብር ቅዳሜን ሙሉ ትውላለህ። መብራት ከሄደ ደግሞ ሕግ አለ። ከ70ኛው ደቂቃ በፊት ከሄደ ማንም አይከፍልም፤ ከዚያ በኋላ ከሄደ እየተመራ ያለው ይከፍላል። ስለዚህ 69ኛው ደቂቃ ላይ የሚመራው ልጅ በልቡ የሚጸልየውን አስቡት። ይህን ሕግ ኮናሚ አልጻፈውም፤ የጻፈው ጋሼ የምንለው የቤቱ ባለቤት ነው። የመብራት ኃይልን ጠባይ ከኮናሚ ይልቅ እሱ ያውቃል።

ክረምት ሲገባ ሞጣ አክስቴ ጋ እላካለሁ። ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ነው ጉዞው። እትዬ የምትልከኝ ለጥናት መስሏት ነበር። የእርሷ ልጅ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ የመጀመሪያ ቀን ከሰዓት የወሰደኝ ሞጣ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። እዚያ ሕጉ ሌላ ነው፤ መብራት ከሄደ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ይከፍላሉ። ሁለት ከተማ፣ አንድ ጌም፣ ሁለት ሕገ መንግሥት።

ከየት መጣ?

ኮናሚ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1969 ኦሳካ ውስጥ ነው። መሥራቹ ካገማሳ ኮዙኪ ሥራውን የጀመረው ጁክቦክስ በማከራየትና በመጠገን ነበር። ጁክቦክስ ሳንቲም ሲገባበት ዘፈን የሚያጫውት ማሽን ነው። ይህን ሳነብ ጋሼ ትዝ አለኝ። አንዱ በሳንቲም ዘፈን ያከራያል፣ አንዱ በብር ጎል ያከራያል፤ ሁለቱም ማሽን ሲበላሽ ፈተው የሚጠግኑ ሰዎች ናቸው።

ፕሌይስቴሽን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1994 ጃፓን ውስጥ ሲወጣ ኮናሚ ውስጥ ሁለት የእግር ኳስ ቡድኖች ነበሩ። የኦሳካው ክፍል በ1994 ለሱፐር ኒንቴንዶ ኢንተርናሽናል ሱፐርስታር ሶከርን ሠራ። የቶኪዮው ክፍል ደግሞ በ1995 የጃፓን ሊግን ይዞ የመጀመሪያውን ዊኒንግ ኢለቨን ለፕሌይስቴሽን አወጣ። ከዚህ የቶኪዮ መስመር ጋር ለረጅም ጊዜ ስሙ የተያያዘው ሺንጎ ታካትሱካ ነው፤ በቅጽል ስሙ «ሲባስ»። ከ2001 ጀምሮ በአውሮፓ ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር የሚለው ስም ተያዘ።

ተፎካካሪው የኤሌክትሮኒክ አርትስ ፊፋ ነበር። ከ1993 ጀምሮ በየዓመቱ ይወጣ ነበር፤ ገንዘቡም፣ ስታዲየሙም፣ እውነተኛ ስሞቹም በእጁ ነበሩ። ታዲያ ድሃው ለምን አሸነፈ?

እንደ ኮድ ጸሐፊ ሳየው መልሱ ኳሷ ላይ ነው። በዚያን ዘመን ፊፋዎች ኳሷ እግር ላይ የተሰፋች ትመስል ነበር። በዊኒንግ ኢለቨን ኳሷ የራሷ ክብደትና የራሷ መንገድ አላት። ተጫዋቹ ይነካታል፣ ትሄዳለች፣ እሱም ይከተላታል። በመንካትና በመንካት መካከል ባለችው ክፍተት ተከላካይ እግሩን ያስገባል። ሦስት ማዕዘኗን ስትጫን የምትላከው ኳስ ተጫዋቹ ወዳለበት ሳይሆን ወደሚደርስበት ባዶ ቦታ ትሄዳለች። ይሄ ለኛ ትልቅ ትምህርት ነበር። ሜዳ ላይ ወጥተን ስንጫወትም «ሦስት ማዕዘን ስጠኝ!» መባባል ጀመርን።

ሁለተኛው ነገር ማስተር ሊግ ነው። ስማቸውን ማንም የማያውቃቸው ተጫዋቾች ይሰጡሃል። ካስቶሎና ሚናንዳ የሚባሉ፣ የትም አገር የሌሉ ሰዎች ናቸው። በነሱ እየተሸነፍክ፣ ነጥብ እየለቀምክ፣ አንድ በአንድ እየገዛህ ቡድን ትሠራለህ። ድህነትን በክብር የሚያጫውት ጌም ነበር።

ሦስተኛው ደግሞ ጉድለቱ ራሱ ነው። ኮናሚ የብዙ ክለቦችን ስም የመጠቀም ፈቃድ አልነበረውም። ስለዚህ ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ» ይባል ነበር፣ ቼልሲ «ለንደን ኤፍሲ»። ሮቤርቶ ካርሎስ ደግሞ በአንድ ወቅት «ሮቤርቶ ላርኮስ» ሆኖ ተጫውቷል። ኮናሚ ግን ስም፣ ማሊያና ፀጉር የምትቀይርበትን መሣሪያ አብሮ ሰጠ። ክፍተቱን ሕዝቡ ሞላው። ከብራዚል እስከ ኢንዶኔዥያ ልጆች ሊጉን በትክክለኛ ስም እያስተካከሉ፣ አዲስ ዝውውር እያስገቡ ዲስክ ያባዙ ጀመር።

የማናወራው ጉዳይ

እዚህ ላይ አንድ ሐቅ እንነጋገር። ቢቸና የደረሰው ዲስክ በሙሉ ኮፒ ነበር። ማሽኑም ኮፒ ዲስክ እንዲያነብ ተከፍቶ የተነካካ ነው። ጋሼ ዲስኮቹን ከአዲስ አበባ ያስመጣል፤ ሽፋኑ ላይ በማርከር የተጻፈው ዓመት ከውስጡ ጋር የሚገጥመው አንዳንዴ ነው። እኔም፣ የአክስቴ ልጅም፣ አግዳሚው ላይ የተኮለኮለው ሁሉ፣ ለኮናሚ አምስት ሳንቲም ከፍለን አናውቅም።

ታዲያ ያልከፈለ ሰው «ጌሜን ጣሉብኝ» ብሎ የመናገር መብት አለው? ይህን ጥያቄ ለብዙ ጊዜ አመንዥኬዋለሁ። በአንድ በኩል ኮናሚ እኛ መኖራችንን አያውቅም፤ እኛን የሚቆጥር ሠንጠረዥ የለውም። በሌላ በኩል ልክፈል ብል የምከፍልበት መንገድ አልነበረም። ቢቸና ሱቅ የለም፤ በብር የሚገዛበት መደብር የለም። ሶኒ ከ15 ሚሊዮን አሥር እጥፍ በላይ ፕሌይስቴሽን 2 ሸጧል ሲባል፣ በዚያ ቁጥር ላይ አንዱ ማሽን ስንት ልጆችን እንዳስተናገደ አልተጻፈም። የኛዎቹ ሦስት ማሽኖች አንድ ትውልድ አሳድገዋል።

መብት አለኝ ብዬ አልከራከርም። የምለው ሌላ ነው። አንድን ነገር ያቆየው ማን እንደሆነ ስትጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ የገዛው ሰው አይደለም።

ቁልቁለቱ

ፔስ 6 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። የኢንተሩን አድሪያኖን በግራ እግሩ ከሠላሳ ሜትር የለቀቀ ሰው የምለው ይገባዋል። በዚያው ዓመት ኅዳር ፕሌይስቴሽን 3 ለገበያ ቀረበ፤ ነገሩ መበላሸት የጀመረውም እዚያ ነው። አዲሱ ማሽን ውስጡ ፍጹም ሌላ ዓይነት ነበር። ለአሮጌው የተጻፈን ኮድ አንሥተህ አታስቀምጥበትም። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ፔስ 2008 በፕሌይስቴሽን 3 ላይ እየተንቀራፈፈ ተጫዋቾችን አበሳጨ። ኤሌክትሮኒክ አርትስ በተቃራኒው ጌሙን ከመሠረቱ ጀምሮ እንደገና ገነባ። ፊፋ 10 ሲወጣ ኳሷ እዚያም ነፃ ወጥታ ነበር። የኮናሚ ዋና ምስጢር ምስጢርነቱ ቀረ።

የሚገርመው እኛ ይህን ውድቀት አላየነውም። ቢቸና በፕሌይስቴሽን 2 ላይ ነበረች፤ ለፕሌይስቴሽን 2 ደግሞ ፔስ በየዓመቱ መውጣቱን ቀጥሏል። የመጨረሻው ፔስ 2014 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ላይ ወጣ። ሶኒ ማሽኑን ማምረት ካቆመ ወራት አልፈው ነበር። ከዚያ በኋላ ለኛ የሚመጣ አዲስ ነገር ቆመ። ሕዝቡ ግን አልቆመም። ያልታወቁ እጆች በአሮጌው ፔስ ላይ አዲስ ማሊያ፣ አዲስ ዝውውር እየለጠፉ ላኩ። ጋሼ ቤት የነበረው የመጨረሻ ዲስክ ላይ የተጻፈው ዓመት በኮናሚ ካታሎግ ለዚያ ማሽን የለም።

ኮናሚ ራሱ በዚያን ጊዜ ዓይኑ ሌላ ቦታ ነበር። በ2015 የጌም ክፍሉ ኃላፊ ሂደኪ ሃያካዋ የወደፊቱ መንገድ ስልክ ላይ እንደሆነ በይፋ ተናገረ። ኩባንያው የስፖርት ማዘውተሪያዎችና ፓቺስሎት የሚባሉ የቁማር ማሽኖችም አሉት። ሜታል ጊር ሶሊድን ያቆመው ሂዴዎ ኮጂማ በዚያው ዓመት መጨረሻ ለቀቀ። ብዙ የተወራለት ፒ.ቲ. የሚባለው የሳይለንት ሂል ማሳያም ከፕሌይስቴሽን መደብር ተነሣ፤ ቀድሞ ያወረደ ብቻ ቀረለት። ለፔስ ትልቁ ጌጥ የነበረው የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ፈቃድ በ2018 አብቅቶ ወደ ፊፋ ሄደ።

ከዚያ መስከረም 30 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. መጣ። ኮናሚ ስሙን ቀይሮ «ኢፉትቦል» አለው፤ በነፃ የሚወርድ ጌም። የተጫዋቾቹ ፊት የሚያስፈራ፣ ኳሷ የምትጠፋበት፣ ማስተር ሊግ የሌለበት ነበር። ስቲም ላይ ከምንጊዜውም ዝቅተኛ ነጥብ ካገኙት አንዱ ሆነና ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ። ቀስ በቀስ አስተካክሎታል፤ ስልክ ላይ የሚወዱት ብዙ ናቸው። ግን አሁን ተጫዋች የምታገኘው በዕጣ ዓይነት ነው፣ ለመጫወትም ኢንተርኔት ያስፈልግሃል። ካስቶሎን ይዘህ ከታች የምትወጣበት መንገድ ተዘግቷል።

ባለቤቱ ለምን ይጥላል?

ይህ የኮናሚ ብቻ በሽታ አይደለም። ሳን አንድሪያስን የማያውቅ የኛ ዘመን ልጅ የለም፤ የደብተራችን የመጨረሻ ገጽ ከሒሳብ ቀመር ይልቅ የጂቲኤ ኮድ ነበር የሚበዛበት። ጌሙ በ2004 እ.ኤ.አ. ወጣ። ሮክስታር በኅዳር 2021 ሦስቱን አሮጌ ጂቲኤዎች አድሶ ሲያወጣ የድሮዎቹን ከዲጂታል መደብሮች አንሥቷል። አዲሱ በባግ የተሞላ ነበር። ዝናቡ መንገዱን ይጋርዳል፣ የሱቅ ማስታወቂያዎች ላይ ፊደል ተሳስቷል። ይቅርታ ጠይቀው የድሮዎቹን ለኮምፒውተር መለሱ። ኤሌክትሮኒክ አርትስም ከፊፋ ድርጅት ጋር ከተለያየ በኋላ በ2023 የድሮ ፊፋዎቹን ከዲጂታል መደብር አንሥቷል። የስም ፈቃድ ሲያልቅ ጌሙም አብሮ ያልቃል።

በዚያው 2023 አሜሪካ ያለ የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን የሚባል ድርጅት ጥናት አወጣ። አሜሪካ ውስጥ ከ2010 በፊት ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ በገበያ ላይ አይገኙም።

ምክንያቱ ስግብግብነት ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ሥራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ ሌላውንም ጎን አየዋለሁ። ኮድ ዕቃ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅ ዕቃ አይደለም። የጻፈው ሰው ይለቃል፣ ማሽኑ ይቀየራል፣ የነበረው የሚሠራበት መሣሪያ ይጠፋል። በ2012 የሳይለንት ሂል ሁለተኛውና ሦስተኛው ክፍል ታድሰው ሲወጡ የሆነውን ልንገራችሁ። ኮናሚ ለአዳሾቹ የሰጣቸው ኮድ የመጨረሻው አልነበረም። ለገበያ የቀረበው የመጨረሻ ቅጂ ኮድ አልተቀመጠም። አዳሾቹ ድሮ ተስተካክለው ያለቁ ባጎችን እንደገና ማስተካከል ነበረባቸው። በዓለም የተወደደ ሥራ፣ ባለቤቱ ቤት ውስጥ ጠፋ።

የሚተርፈው የትኛው ነው? ሞርታል ኮምባትን እዩት። በ1992 የተወለደ ነው። ባለቤቱ ሚድዌይ በ2009 ከሰረ፤ ዋርነር ብራዘርስ ገዛው። ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና ታላቅ ሆኖ ተመለሰ። ልዩነቱ ምን ነበር? ከመጀመሪያው ጀምሮ የነበረው ኤድ ቡንና ባልደረቦቹ አብረው ተሻገሩ። ኩባንያው ሞተ፣ እጆቹ ግን ቀሩ። ከቢቸና ብዙም በማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ ለዘመናት ቅኔ የተላለፈው እንደዚሁ ነው። ትምህርቱ የሚኖረው መምህሩና ተማሪው እስካሉ ነው። ወንበሩ ከታጠፈ ሕንፃው ብቻ ቀርቶ ትርጉም የለውም።

አሁን የኔ ተራ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የምሠራበት ድርጅት አንድ ትንሽ የአማርኛ የጥያቄና መልስ ጌም ነበረው። የሚጫወቱት ጥቂት መቶ ሰዎች ናቸው። የሰርቨሩ ክፍያ በዶላር ነው፤ ዶላር ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስብሰባ ላይ «ይዘጋ?» ተባለ። እጄን አወጣሁ፤ ምክንያቱም ጥገናው የኔ ነበር፤ ሰልችቶኛል። አርብ ከሰዓት ዘጋሁት። ዳታው ይቀመጥ ያለ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ሰኞ አንድ መልእክት መጣ። «ከእህቴ ጋር ስንወዳደርበት የነበረው ውጤታችን የት ሄደ?» ይላል። ለሁሉም የምንልከውን የተዘጋጀ መልስ ላክሁ፤ «ስለተጠቀሙ እናመሰግናለን»።

ኮናሚን ለመውቀስ በተቀመጥሁ ቁጥር ይህ መልእክት ይመጣብኛል። አንድም ክፉ ሰው ስብሰባው ውስጥ አልነበረም። ሁላችንም ደክሞን ነበር።

መጋረጃው ሲዘጋ

የጋሼ ቤት በ2006 ዓ.ም. ተዘጋ። ስልክ ገባ፣ ልጆች አደጉ፣ የቤት ኪራይም ጨመረ። ያ ቦታ ዛሬ ሌላ ሱቅ ነው። የሞጣውም ትንሽ ቆይቶ ተዘጋ፤ የአክስቴ ልጅ ከዕቃው ላይ አንዱን ማሽን ከነሜሞሪ ካርዱ በርካሽ ገዛው። ካርዱ 8 ሜጋባይት ነው። ዛሬ አንዳንድ የስልክ ፎቶ እንኳ አይችልም። እኛ ግን አንድ ቡድን አስቀምጠንበታል።

ቡድኑን በሦስት ክረምት ነው የሠራነው። የካስቶሎንና የሚናንዳን ስም አጥፍተን የሰፈር ልጆችን ስም አስገባን፤ ግማሹ ከቢቸና፣ ግማሹ ከሞጣ። እኔ የቀኝ ክንፍ ነኝ። ከእውነቱ ይልቅ ፈጣን አድርጌ ነው የሠራሁት። በረኛው ከሞጣ ሕፃንነቱን ያሳለፈ፣ ከሁላችን በላይ ሳቂ የነበረ ልጅ ነው። በ2005 ዓ.ም. በመተማ አድርጎ ወጣ። ሱዳን ገባ ተባለ፣ ከዚያ ስለሱ የሰማ የለም። ስሙን አልጽፈውም፤ እናቱ አሁንም ትጠብቀዋለች።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነቱ ሲጀመር የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለወራት እንደተቋረጠ ቆየ። እኔ አዲስ አበባ ነበርሁ፤ ከቤተሰብ የሚያገናኘን መስመሩ ሲገኝ የሚደረግ ተራ የስልክ ጥሪ ነው። በዚያ ወቅት ስለ ጌም ማውራት ያሳፍራል፤ ሰው ስለ ነፍሱ ነው የሚያወራው። ግን ልጆች ቤት ውስጥ ተዘግተው ነበር። ትምህርት የለም፣ መንገድ የለም። ስልካቸው ላይ ያለው ኢፉትቦል ሲነካ «ግንኙነት የለም» ይላል። ጌሙ እጃቸው ላይ ነው፣ የሚከፍተው በር ግን ሌላ አህጉር ነው።

አንድ ምሽት የአክስቴ ልጅ ደወለ። መጀመሪያ ስለ እትዬ ጤና፣ ስለ እህል ዋጋ፣ ስለ ሰፈሩ ነገረኝ። ከዚያ ድምፁ ቀለል አለና «ስማ፣ ያን አሮጌ አወጣሁት» አለኝ።

«ምኑን?»

«ፕሌይስቴሽኑን ነዋ! አቧራውን አራግፌ ሰካሁት። ልጆቼ ከበውኛል።»

«ሠራ?»

«ቀን ስጠኝ አለ። ሰዓቱ ሞቷል መሰለኝ። ሌላው እንዳለ ነው።»

ዝም አልን። ቀጥሎ ምን እንደምጠይቅ አውቆታል።

«አለ» አለኝ። «በረኛው ላይ ነው። ልጆቹ ማነው ይሄ አሉኝ።»

«ምን አልካቸው?»

«ጓደኛችን ነው አልኳቸው። እንግዲህ ዛሬ ሁለት ኳስ አውጥቷል።»

ታዲያ ምን ይደረግ?

ለኮናሚ አቤቱታ የምጽፍ አይደለሁም። ኮናሚም ከሰሞኑ የተኛውን መቀስቀስ ይዟል። የታደሰው ሳይለንት ሂል 2 በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ተወዷል፤ ሜታል ጊር ሶሊድ 3ም በነሐሴ 2025 ታድሶ ወጥቷል። ገንዘብ ያለበት ትዝታ ይመለሳል። የኛ ትዝታ ግን በነሱ ሠንጠረዥ ላይ ስለሌለ ማንም አይመልሰውም።

ስለዚህ የሚቀረው የኛ ሥራ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር ላይ ስለ ገበጣ ሲጽፍ የየአካባቢውን አጨዋወት ሕግ መዝግቧል። ማን ስንት ጠጠር ያስቀምጣል፣ ወዴት ይዞራል የሚለውን ነው። ተራ ነገር ይመስላል። የጋሼን የ70ኛ ደቂቃ ሕግና የሞጣን የግማሽ ግማሽ ሕግ ግን ከዚህ ጽሑፍ በፊት የጻፈ ሰው አላየሁም። በየከተማው እንዲህ ያለ ሕግ ነበር። የናንተስ ምን ይል ነበር? ማን አወጣው? ጻፉት።

ጌም የምትሠሩ ልጆችም አላችሁ። ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ን ሲሠራ ከወጥ የምታመልጥ ዶሮ አስሩጦ የኛ ታሪክ ስልክ ላይ መሮጥ እንደሚችል አሳይቷል። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ኢንተርኔት ሲጠፋም የሚከፈት አድርጋችሁ ሥሩት። የመጨረሻውን ኮድ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። መዝጋት ካለባችሁ ሰው የራሱን ውጤት ይዞ እንዲወጣ አንድ ሳምንት ስጡት። እኔ ያን አንድ ሳምንት አልሰጠሁም። የዚያች ልጅና የእህቷ ውጤት የትም የለም።

ባለፈው ሰሞን የአክስቴን ልጅ የሜሞሪ ካርዱን ቅጂ በኮምፒውተር ላስቀምጠው፣ ወደኔ ላከው አልሁት። አንባቢው መሣሪያ ርካሽ ነው፣ ሥራውም የአሥር ደቂቃ ነው አልሁ። እንደ ባለሙያ ነው የተናገርሁት።

«አልክም» አለኝ። «መጥተህ ቅዳው። መንገድ ላይ ቢጠፋ ለእናቱ ምን እላታለሁ?»